«መክኗል» የተባለው የለጋምቦ አውራ በግ

ጉዳዩ የአንድ አውራ በግ ነው። ደቡብ ወሎ ለጋምቦ፣ ከአቀስታ ወጣ ብሎ ያለ ደጋ ቀበሌ ውስጥ ጎረቤታሞች በጋራ የሚጠቀሙበት፣ ዳማ፣ ላቱ አጠር ያለ የወሎ በግ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው። ዓምና ሰፈሩ ውስጥ ከተወለዱት ግልገሎች አብዛኞቹ የሱ ናቸው፣ ስለ ዘሩ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ግን ባለቤቱ ደወሉልኝ፣ እኔ አያዬ ነው የምላቸው፣ «ዶክተር፣ ይሄ በግ መከነብን፣ እስከ ፋሲካ ሙክት ሆኖ ይደልብልን፣ ቡርዲዞህን ይዘህ ና» አሉኝ። ቡርዲዞ ያው የማኮላሻው መቆንጠጫ ነው፣ አንዴ ከጨመቁበት መመለሻ የለውም። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፣ «አያዬ፣ በጉ ባለፉት ሁለት ወራት ታሞ ነበር ወይ?»። ታሞ ነበር።

ይሄን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው እኛ አገር ደህና ደህና አውራዎች በዚህ መንገድ እየጠፉ ስለሆነ ነው። አውራው ይታመማል፣ ይድናል፣ ይሰርራል፣ ሴቶቹ አይዙም፣ ከዛ ወይ ይኮላሻል ወይ ይሸጣል ወይ ይታረዳል። ታግሰው ቢጠብቁት ግን ብዙው ይመለስ ነበር። ለምን እንደሚመለስና ለምን ወዲያው እንደማይመለስ ለመረዳት ደሞ የዘር ህዋስ ሲሰራ የትኛው ጂን መቼ እንደሚከፈትና (ማለትም ተነቦ ስራ እንደሚጀምርና) መቼ እንደሚዘጋ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ስለዚ ትንሽ ታገሱኝ።

በመጀመሪያ የህመሙን ነገር ላውራ። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ገና አልቆመም፣ በረቱ ረጥቧል፣ በጉ ያስላል፣ አፍንጫው ይዝረበረባል፣ ሳር አይቀምስም። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲለካው ሙቀቱ ከ41 ዲግሪ በላይ ነበር፣ ጤነኛ በግ 39 አካባቢ ነው። የሳምባ ምች ነው ብሎ ኦክሲቴትራሳይክሊን ጀመረለት፣ ትክክለኛ ህክምና ነው፣ እኔም ብሆን እሱን ነበር የምሰጠው። ትኩሳቱ ግን ቶሎ አልወረደም፣ አምስት ስድስት ቀን ያህል ቆየ። ቤተሰቡ ደሞ አዝነውለት፣ ብርዱ እንዳይገለው ብለው ቤት አስገብተው በባና ጠቅልለው ምድጃ ጥግ አስተኙት። የለጋምቦን የመስከረም ሌሊት የሚያውቅ ሰው አይፈርድባቸውም። ለሳምባው ጥሩ ነበር፣ ለቆለጡ ግን ሌላ ነገር ሆነ፣ እመለስበታለሁ።

መስከረም አጋማሽ ላይ በጉ ተነሳ፣ በላ፣ ወዲያው ወደ ሴቶቹ ሄደ። እዚህ ላይ የጉዳዩን ቁልፍ የሰጡኝ የአያዬ ባለቤት ናቸው። እሳቸው በጉ የሰረራትን ለማወቅ ደረቱ ላይ ቀይ አፈር በኑግ ዘይት ለውሰው ይቀቡታል፣ ሲሰርር ቀለሙ በሴቷ ጀርባ ላይ ይቀራል፣ የትኛዋ መቼ እንደተሰረረች ደሞ በቃላቸው ይይዙታል። ሴት በግ ካልያዘች 17 ቀን አካባቢ ቆይታ ድራቷ ይመለሳል፣ ስለዚ ቀለሙ ታድሶ ድጋሚ ከተቀባች አልያዘችም ማለት ነው። እሳቸው የነገሩኝ እንዲህ ነው፦ በጉ ከህመም እንደተነሳ መጀመሪያ የሰረራቸው ሁለቱ፣ ቦቃዋና ጥቁሯ፣ አልተመለሱም። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የተሰረሩት ግን ሁሉም ተመለሱ፣ አንዷ እንዲያውም ሁለቴ። ወንዶቹ «ከታመመ ጊዜ ጀምሮ መከነ» ሲሉ እሳቸው «ኧረ አይደለም፣ ከታመመ በኋላማ ሁለቱን አስይዟል፣ የከሸፈው ቆይቶ ነው» ብለው ሲከራከሩ ከርመዋል። ልክ ነበሩ፣ እኔ በማይክሮስኮፕ ካየሁት ሁሉ በላይ ነገሩን የፈታው ይሄ የሳቸው ቃል ነው።

ሰፈሩ ውስጥ ሁለት ሀሳብ ነበር የሚዞረው። አንዱ ዓይን ነው የሚል፣ ሌላው ደሞ «መርፌው ነው ያመከነው» የሚል። ሁለተኛው ያሳስበኛል ምክንያቱም ሰው ይሄን ካመነ በሚቀጥለው ዓመት የታመመ አውራውን አያሳክምም። ደግነቱ እዛው ሰፈር ሌላ አውራ ነበር፣ በዛው ሰሞን እግሩ ቆስሎ ያንኑ መድኃኒት ለተመሳሳይ ቀናት የተወጋ፣ ትኩሳት ግን ያልነበረው። እሱ የሰረራቸው ጥቅምት ላይ አልተመለሱም። አንድ በግ ብዙ ማስረጃ አይሆንም፣ ግን ለሰፈሩ ሰው ከኔ ንግግር የበለጠ አሳማኝ ነበር።

ሄጄ መረመርኩት። ሰውነቱ ደህና ነው፣ የዓይኑ ውስጥ ቀለም ቀይ ነው፣ የደም ማነስ የለም። ሁለቱም ፍሬዎች እኩል ናቸው፣ በከረጢቱ ውስጥ በነጻነት ይንቀሳቀሳሉ፣ ሲነኩ አያመውም፣ ግን ለስላሳ ናቸው። ጤነኛ የአውራ ፍሬ ጠንከር ብሎ ጣትን መልሶ የሚገፋ ነው፣ የሱ ግን ይሰረጉድ ነበር። ዓምና ለአውራነት ሲመረጥ የከረጢቱ ዙሪያ በሜትር ተለክቶ ስለነበር ድጋሚ ለካሁት፣ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቀንሷል። ከፍሬው ስር ያለውን ኤፒዲዲሚስ፣ ማለትም ዘሩ የሚበስልበትንና የሚቀመጥበትን ጥቅልል ቱቦ፣ በጣቴ ተከትዬ ወረድኩ፣ እብጠትም ቋጠሮም የለውም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ብሩሴላ በሚባለው ባክቴሪያ የተያዘ አውራ ብዙ ጊዜ እዛ ጋ ነው የሚቋጥረው፣ ያ ቢሆን ኖሮ «ጠብቁት» አልልም ነበር፣ ከመንጋው ይውጣ ነበር የምለው።

ከዛ ዘሩን ተቀበልን። ድራት ላይ ያለች በግ ከጎረቤት መጣች፣ አንድ ልጅ አንገቷን ያዘ፣ ዘሩን የምቀበልበትን፣ በሙቅ ውሃ የተሞላውን ሰው ሰራሽ የሴት ብልት አዘጋጅቼ ጠበቅኩት። ፍላጎቱ አንድም አልጎደለበትም፣ ወዲያው ነው የዘለለው። ይሄ ሰውን ግራ የሚያጋባው ነገር ነው፣ አውራው ይፈልጋል፣ ይሰርራል፣ ስለዚ ደህና ነው ይባላል። ፍላጎትን የሚያመጣው ቴስቶስትሮን ነው፣ እሱን የሚሰሩት ህዋሶች ደሞ ዘር ከሚሰራባቸው ቱቦዎች ውጪ ያሉ ሌሎች ህዋሶች ናቸው፣ ሙቀትን ከዘር ህዋሶቹ በተሻለ ይችላሉ። ዘሩ ሞቶ ፍላጎቱ ሙሉ ሊሆን ይችላል።

የጤነኛ አውራ ዘር ወፍራም ነው፣ ክሬም መልክ አለው፣ ጠብታውን በማይክሮስኮፕ ዝቅተኛ ማጉያ ስታዩት ይተራመሳል። የሱ ውሃ ነበር፣ ቀጭን፣ ነጣ ያለ፣ በማይክሮስኮፑ ደሞ ጸጥ ያለ ነው። አልፎ አልፎ አንድ ሁለት በቦታቸው የሚንቀጠቀጡ አሉ። ቀለም ነክሬ በትልቁ ማጉያ ሳየው ጭንቅላታቸው ከጭራቸው የተለያየ ብዙ፣ ጭራቸው የተጠቀለለ ብዙ፣ ጭንቅላታቸው ጠቦ የተበላሸ፣ በመሀል ደሞ እዛ መገኘት የሌለባቸው ክብ ህዋሶች፣ ከነሱም ውስጥ አንዳንዶቹ ሦስት አራት ኒውክለስ (ዲኤንኤው የሚቀመጥበት የህዋሱ እምብርት) በአንድ ላይ የያዙ ግዙፎች። ግዙፎቹን ሳይ ጉዳዩ ፍሬው ውስጥ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። የዘር ህዋሶች ሲሰሩ ለየብቻ አይደለም የሚያድጉት፣ ከአንድ እናት ህዋስ የወጡት ሁሉ በቀጭን ድልድይ ተያይዘው ነው የሚሄዱት፣ በድልድዩም ኤምአርኤንኤ (ከጂኑ ተገልብጦ የሚወጣው፣ ፕሮቲን የሚሰራበት መልዕክት) እና ፕሮቲን ይካፈላሉ። ለዛም ነው ኤክስ ክሮሞሶም የደረሰውና ዋይ ክሮሞሶም የደረሰው ስፐርም፣ ግማሽ ግማሽ ጂን ይዘው እያለ፣ ሁለቱም ሙሉ ሆነው የሚሰሩት፣ አንዱ የጎደለውን ከወንድሙ ይወስዳል፣ ይሄ በአይጥ ላይ ከ1989 ጀምሮ በደንብ የታወቀ ነው። ሲጎዱ ግን ድልድዩ ይሰፋና አንድ ላይ ይዋሃዳሉ፣ ያየኋቸው ባለ ብዙ ኒውክለስ ህዋሶች እነሱ ናቸው።

አያዬ ማይክሮስኮፑን አይተው ቀና አሉና «እንግዲህ እንደ በቅሎ ሆኗል በለኛ» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ወሎ ውስጥ ወንድ በቅሎ እንደሚሰርርና እንደማያስወልድ የማያውቅ የለም። ግን የበቅሎና የሱ ነገር አይገናኝም። ፈረስ 64 ክሮሞሶም አለው፣ አህያ 62፣ በቅሎ 63 ይዛ ትወለዳለች። የዘር ህዋስ በግማሽ ለመከፈል ሜዮሲስ የሚባለውን ደረጃ ሲገባ የእናትና የአባት ክሮሞሶሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው መገናኘት አለባቸው፣ የበቅሎው በትክክል አይገናኙለትም፣ ህዋሱም ስህተቱን አይቶ ራሱን ያጠፋል። ያ ሲወለድ ጀምሮ ያለ ነው፣ ዕድሜ ልኩን። የዚህ በግ 54 ክሮሞሶሞች ግን ዓምናም ሲጣመሩ ነበር፣ ነገም ይጣመራሉ። የጠፋው አንድ ዙር ምርት ነው። «አያዬ፣ አንቱ ዛሬ ያዩት ዘር እኮ ዛሬ የተሰራ አይደለም፣ በጉ ምድጃ ጥግ ተኝቶ በነበረ ጊዜ ሲሰራ የነበረው ነው» አልኳቸው።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። በአውራ በግ ውስጥ ከመነሻው ህዋስ እስከ ጭራ ያለው ስፐርም ድረስ ሰባት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፣ ከዛ በኤፒዲዲሚስ ውስጥ ለመብሰልና ለመጓዝ ሁለት ሳምንት ገደማ ይጨመራል። በድምሩ ሁለት ወር። በአይጥ ፍሬ ውስጥ ያለው ጊዜ 35 ቀን ነው፣ በሰው ደሞ ከ64 እስከ 74 ቀን ይባላል። ይሄ ጊዜ በመኖ ብዛትም በመርፌም አያጥርም፣ ሆርሞን ሰጥተህም አታፋጥነውም፣ ህዋሱ የራሱን ሰዓት ነው የሚከተለው። ሰዓቱ ደሞ ምንድነው ካላችሁ የጂኖች መከፈትና መዘጋት ቅደም ተከተል ነው።

ወደ ዝርዝሩ ልግባ፣ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጥመው። መነሻዎቹ ስፐርማቶጎኒያ የሚባሉት ናቸው፣ እየተከፈሉ ራሳቸውንም ይተካሉ፣ ወደፊት የሚሄዱትንም ያወጣሉ። ወደፊት ለመሄድ ከቫይታሚን ኤ የሚገኘው ሬቲኖይክ አሲድ ትዕዛዝ መስጠት አለበት፣ ሲያዝ ስትራ-8 የሚባል ጂን ይከፈታል፣ ሜዮሲስ በዛ ይጀምራል። ቫይታሚን ኤ ያጣ አይጥ የዘር ምርቱ እዚሁ መነሻው ላይ ይቆማል። ስለዚ አውራ ሲከሽፍ ስለ መኖም መጠየቅ ግዴታ ነው፣ ረዥም ደረቅ ወራት ጭድ ብቻ ሲበላ የከረመ በግ ቢሆን ይሄን እጠረጥር ነበር። መስከረምና ጥቅምት ላይ ለጋምቦ አረንጓዴ ነው፣ በጉም ጠግቧል፣ በዚህ በኩል ተዘጋ።

ሜዮሲስ የገቡት ስፐርማቶሳይት ይባላሉ። ፍሬ ከማንኛውም አካል በላይ ብዙ ጂን የሚከፈትበት ቦታ ነው፣ ከአንጎልም ይበልጣል፣ እዚህ ደረጃ ላይ ደሞ ሌላ የሰውነት ክፍል ውስጥ ተከፍተው የማያውቁ ጂኖች ይነሳሉ። በአንጻሩ ኤክስና ዋይ ክሮሞሶሞች እንዳሉ ይዘጋሉ፣ አጣማሪ ስለሌላቸው ወደ ጥግ ተሰብስበው ዝም ይባላሉ። ችግሩ ኤክስ ላይ ህዋሱ ሳይኖር የማይችላቸው ጂኖች አሉ፣ ለምሳሌ ከስኳር ኃይል ለማውጣት የሚያስፈልገው ፒጂኬ-1። ተፈጥሮ ያበጀችው መፍትሄ ይገርማል፣ የዚሁ ጂን ቅጂ ከኤክስ ውጪ በሌላ ክሮሞሶም ላይ ተቀምጧል፣ ፒጂኬ-2 ይባላል፣ ሌላ ቦታ ዝም ብሎ ይኖርና ልክ ኤክስ ሲዘጋ እሱ ይከፈታል። ስፐርሙ በኋላ ለሚዋኝበት ጉልበት የሚያገኘው በሱ ነው፣ ፒጂኬ-2 የሌላቸው አይጦች ስፐርማቸው ደካማ ዋናተኛ ነው። ይሄን ሁሉ የምለው ይሄ ደረጃ ምን ያህል በቋፍ ላይ ያለ ስራ እንደሆነ እንድታዩ ነው፣ ሙቀት በጣም የሚጎዳውም ይሄንኑ ደረጃ ነው።

ሙቀቱ እንዴት ይገላል? ሌላው የሰውነታችን ህዋስ ሲሞቅ ኤችኤስኤፍ-1 የሚባል ፕሮቲን ይነሳና የመከላከያ ጂኖችን ይከፍታል፣ ህዋሱ ይተርፋል። የስፐርማቶሳይት ግን የተለየ ነው። መጀመሪያ ነገር ከሌላው ህዋስ ባነሰ ሙቀት ነው የሚነቃበት፣ ሲነቃ ደሞ ማዳኑን ትቶ ህዋሱን ወደ ሞት ይመራዋል፣ አይጥ ላይ ይሄን ፕሮቲን ያለ ሙቀት ሁሌ እንዲነቃ ሲያደርጉት የዘር ምርቱ ተቋርጧል። ምናልባት የተበላሸ ዲኤንኤ ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ ይሆናል ይባላል፣ ለኔ ይሄ ያሳምነኛል። ሌላም አለ፣ ኤችኤስፒኤ-2 የሚባለው የዚሁ የሙቀት ፕሮቲኖች ዘመድ ስፐርማቶሳይት ውስጥ ለሙቀት ሳይሆን ለሜዮሲስ ስራ ተቀጥሮ ነው ያለው፣ በ1996 አይጥ ላይ ሲያጠፉት ወንዶቹ ሙሉ በሙሉ መከኑ፣ ሴቶቹ ምንም አልሆኑም።

አያዬ እዚህ ጋ «እኛ አገር ብርድ ነው፣ በግ ምን ሙቀት ያገኘዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ሙቀቱ ከውጪ ሳይሆን ከደሙ ነው የመጣው። ፍሬ ከሰውነት በአራት አምስት ዲግሪ ቀዝቀዝ ብሎ ነው የሚኖረው፣ ለዛ ነው ወደ ውጪ የተንጠለጠለው። ወደ ፍሬው የሚወርደው ደም ወሳጅ ቱቦ ተጠማዞ በደም መላሾች መረብ ይከበባል፣ ቀዝቅዞ የሚመለሰው ደም የሚወርደውን ያቀዘቅዘዋል፣ ከረጢቱም ያልበዋል፣ ሲሞቅ ይወርዳል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ትኩሳት ሲኖር የሚወርደው ደም ራሱ ግሏል። ያን ጊዜ እንኳን ከረጢቱ አየር ቢያገኝ ይቀንስለት ነበር፣ በባና ተጠቅልሎ ምድጃ አጠገብ ሲተኛ ግን ያቺ መውጫም ተዘጋች። ባለቤታቸው ይሄን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ፣ እኔም «እማ፣ እናንተ ያዳናችሁት ህይወቱን ነው፣ ባይሞቅ ኖሮ ሳምባው ይገለው ነበር፣ ወደፊት ደረቱን ሸፍናችሁ ከወገቡ በታች ክፍት ተዉት» አልኳቸው፣ ከልቤ ነው ያልኩት።

ሜዮሲስን ያለፉት ስፐርማቲድ ይባላሉ፣ ክብ ናቸው፣ ከዛ ይረዝማሉ፣ ጭራ ያወጣሉ፣ ጭንቅላታቸው ይጠባል። ይሄን የመጨረሻ ስራ የሚያስጀምሩትን ጂኖች ከሚከፍቱት ዋናው ክሬም (CREM፣ ከዘሩ ክሬም መልክ ጋር አይገናኝም) የሚባል ፕሮቲን ነው፣ እሱ የሌላቸው አይጦች ክብ ስፐርማቲድ ላይ ይቆማሉ፣ አንድም ስፐርም አያወጡም። እዚህ ጋ ደሞ ሌላ ቦታ የሌለ ነገር ይሆናል። ዲኤንኤውን ጠቅልለው የያዙት ሂስቶኖች ይወጣሉ፣ በምትካቸው መሸጋገሪያ ፕሮቲኖች ይገባሉ፣ እነሱም ወጥተው ፕሮታሚኖች ይተካሉ። ፕሮታሚን ዲኤንኤውን እጅግ አጥብቆ ስለሚያሽገው ከዛ በኋላ ጂን ከፍቶ ማንበብ አይቻልም፣ ምርት ቆመ ማለት ነው። ታዲያ ጂኑ ከተዘጋ በኋላ የሚያስፈልጉት ፕሮቲኖች ከየት ይመጣሉ? «አያዬ፣ ወፍጮ ቤቱ ነገ እንደሚዘጋ የምታውቅ ሴት ምን ታደርጋለች? እህሉን ዛሬ አስፈጭታ ዱቄቱን ታስቀምጣለች፣ እንጀራውን በየቀኑ ትጋግራለች፣ ይሄም ህዋስ እንደዛ ነው» አልኳቸው። ኤምአርኤንኤው ጂኑ ክፍት እያለ ይወጣል፣ በፕሮቲን ተይዞ ይቀመጣል፣ የፕሮታሚን-1ን ኤምአርኤንኤ ብትወስዱ አይጥ ውስጥ አንድ ሳምንት ገደማ ሳይነበብ ይቆያል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ብቻ ነው ወደ ፕሮቲን የሚለወጠው። ሰዓቱ ሳይደርስ ቢለወጥስ? በ1995 አይጥ ላይ ተሞክሯል፣ ማቆያውን ከኤምአርኤንኤው ላይ ሲያነሱት ፕሮታሚን ቀድሞ ተሰራ፣ ዲኤንኤው ያለ ጊዜው ታሸገ፣ ስፐርማቲዶቹም እድገታቸው ተቋረጠ፣ አይጦቹ መከኑ። በነገራችን ላይ በሬና በግ ላይ ማሸጉን የሚሰራው ፕሮታሚን-1 ነው፣ በሰውና በአይጥ ፕሮታሚን-2ም ይጨመራል።

አሁን የለጋምቦው በግ ቀኖች በሙሉ ቦታቸውን ያዙ። ትኩሳቱ በመጣ ጊዜ ኤፒዲዲሚስ ውስጥ አልቀው የተቀመጡ ስፐርሞች ነበሩ፣ ቦቃዋንና ጥቁሯን ያስያዙት እነሱ ናቸው፣ ከህመሙ በፊት የተሰሩ። ቀጥለው የመጡት በትኩሳቱ ቀናት ስፐርማቲድ የነበሩት ናቸው፣ ዱቄታቸውን ይዘው ሲጋግሩ ነው ሙቀቱ ያገኛቸው፣ አልሞቱም ግን ተጣመው ወጡ፣ ጭንቅላታቸው የጠበበው፣ ጭራቸው የተጠቀለለው። ዲኤንኤው ታሽጓል፣ የተበላሸውን አዲስ ጂን ከፍቶ መጠገን አይቻልም፣ እንደተጣመመ ነው የሚወጣው። ከነሱ ኋላ የነበሩት ስፐርማቶሳይቶች ደሞ ብዙዎቹ እዛው ሞቱ፣ ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ እኔ እስከሄድኩበት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ መድረስ የነበረባቸው እነሱ ናቸው፣ ዘሩ ውሃ የሆነው ለዛ ነው፣ ፍሬውም የለሰለሰውና የቀነሰው ቱቦዎቹ ባዶ ስለሆኑ ነው። መነሻዎቹ ስፐርማቶጎኒያ ግን ሙቀትን በተሻለ ይችላሉ፣ እነሱ ካሉ ምርቱ ይመለሳል። የጂኖቹን ዝርዝር የምናውቀው በብዛት ከአይጥ ነው፣ የዚህን በግ ፍሬ ቆርጬ አላየሁም፣ ግን ቀኑ፣ የፍሬው ልስላሴና የስፐርሞቹ መልክ አንድ ላይ ወደዚሁ ነው የሚያመሩት።

ቡርዲዞው ከቦርሳ ሳይወጣ ተመለሰ። ያልኳቸው ይሄ ነው፦ እስከ ታኅሣሥ አትንኩት፣ ከሴቶቹ ለዩት፣ ለብቻው ሲግጥ ይዋል፣ ገብስና አረንጓዴ ሳር አይጉደልበት፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይደር፣ እስከዛ ድረስ ድራት ለሚመጣባቸው ሴቶች እግሩ የዳነውን አውራ ተጠቀሙ። ለማስኮላሸት የቸኮለ አንድ ጎረቤት ነበር፣ «ሁለት ወር ሙሉ ዝም ብሎ ሊበላ?» አለ። አልተሳሳተም፣ መኖ ገንዘብ ነው፣ ቢመለስ ጥሩ፣ ባይመለስ ኪሳራው የነሱ ነው። አያዬ ግን «እስከ ታኅሣሥ ይታገስልኝ፣ ወላሂ ካልሆነ እኔው ራሴ ይዤ አመጣልሃለሁ» አሉት፣ ነገሩ በዛ አለቀ።

ኅዳር ሲያልቅ ድጋሚ ተቀበልኩት። ፍሬው ጠንከር ብሏል፣ ዘሩ አሁንም ቀጠን ያለ ነው ግን የሚዋኙ አሉ፣ ወደ ፊት ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ግዙፎቹ ክብ ህዋሶች ጠፍተዋል። በቂ አልነበረም፣ ጠብቁ አልኩ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሳየው ዘሩ ክሬም መልኩን አግኝቷል፣ ጠብታው በዝቅተኛ ማጉያ ይተራመሳል፣ የተቆረጠ ጭንቅላት ፈልጌ ነው የማገኘው፣ የከረጢቱም ዙሪያ ወደ ዓምናው ልክ ተመልሷል። ያን ቀን ሴቶቹ ተለቀቁለት። ቦቃዋና ጥቁሯ የካቲት ላይ ወለዱ፣ ልክ ባለቤታቸው እንዳሉት። በታኅሣሥ የተሰረሩት ደሞ አምስት ወራቸውን ጨርሰው ግንቦት ላይ መውለድ ጀመሩ፣ ከአንዷ በቀር ሁሉም፣ እሷ ያረጀች በግ ናት፣ ዓምናም አልወለደችም።

ከዚህ ጋ አብሬ ማንሳት የምፈልገው የሰው ጉዳይ አለ። በባቲና በቃሉ በኩል ባሉ ቆላማ ቦታዎች ወባ አለ፣ ታይፎይድም በየከተማው አለ፣ ሁለቱም ቀናት የሚቆይ ትኩሳት ያመጣሉ። አንድ ሰው በታመመ በወሩ ወይ በሁለት ወሩ ዘሩን ተመርምሮ «ደካማ ነው» ሲባልና በዚያች አንድ ወረቀት ትዳር ሲናጋ አይቻለሁ፣ ሲመረመር ስለ ትኩሳቱ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሰውም ፍሬው የተንጠለጠለው በዛው ምክንያት ነው፣ የዘር ህዋሱም በዛው ቅደም ተከተል ነው የሚሰራው፣ ሰዓቱ ብቻ ከበግ ይረዝማል። ትኩሳት የነበረበት ወንድ ከህመሙ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ሳይደግም ውጤቱ እንደ መጨረሻ ቃል መያዝ የለበትም። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት።

ጎረቤታሞቹ ከዚህ በኋላ የተስማሙት ሦስት ነገር ነው። ሁለት አውራ ሁሌ እንዲኖር፣ አውራ ሲታመም ቀኑ እንዲጻፍ (የሚጽፈው የአያዬ ትንሹ ልጅ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ነው)፣ እና የታመመ አውራ ከታመመበት ቀን ሦስት ወር ሳይሞላ ስለ መኮላሸቱ እንዳይወራ። ደረቱን በቀይ አፈር መቀባቱ ደሞ ወደ ሌሎቹም ቤቶች ሄዷል፣ ግንቦት ላይ ስሄድ ሁለተኛው አውራም ተቀብቶ አየሁት። ከዳማው ልጆች መሀል አንድ ወንድ ግልገል ለአውራነት ታስቧል፣ የከረጢቱን ዙሪያ ዓመት ሲሞላው እንለካዋለን።